በግንቦት ድሬ ላይ የሚበርደው ሰው፦ ስለ ታይሮይድና ስለ ኦቶኢሚዩን ሕመም

በግንቦት ወር ድሬዳዋ ላይ ሹራብ ደርቦ የሚወጣ ሰው ካያችሁ ዝም ብላችሁ አትለፉት። ከተማው ሁሉ ከጥላ ወደ ጥላ በሚሸሽበት ሰዓት "በረደኝ" የሚል ሰው ወባ ይዞት ሊሆን ይችላል። ወባ ካልሆነ ግን ታይሮይድ የምትባለውን የአንገት ዕጢ ማስመርመር አለበት። ተቃራኒውም አለ። ሐረር ላይ በኅዳር ማታ ሰው ጋቢውን ሲከናነብ አንዷ ሴት ብቻ ላብ በላብ ሆና "መስኮቱን ክፈቱልኝ" ትላለች።

ሁለቱን ከተሞች የሚለያቸው 55 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው። በከፍታ ግን ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ፣ ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ናቸው። ይህ ሕመሙን ለይቶ ለማወቅ ለውጥ አለው። ድሬ ላይ ሙቀት አለመቻል በቀላሉ ይደበቃል፤ "አቦ፣ ማን ያልሞቀው አለ!" ተብሎ ይታለፋል። ሐረር ላይ ደግሞ የሚደበቀው ብርዱ ነው።

ታይሮይድ አንገት ላይ፣ ከማንቁርት ዝቅ ብላ ያለች ትንሽ ዕጢ ናት። ልብ በምን ፍጥነት ይምታ፣ አንጀት እንዴት ይንቀሳቀስ፣ ሰውነት ምን ያህል ሙቀት ያመንጭ የሚለውን የሚወስነው የእሷ ሆርሞን ነው። ስለዚህ ስትታመም ነገሩ አንገት ላይ አይቆምም። ሆርሞኑ ሲያንስ ሁሉ ነገር ይዘገያል፦ ድካም፣ ብርድ፣ የሆድ ድርቀት፣ የቆዳ መድረቅ፣ የፀጉር መሳሳት፣ ብዙ ሳይበሉ መወፈር፣ የወር አበባ መብዛት፣ መርሳት፣ ድብርት። ሲበዛ ሁሉ ይፈጥናል፦ እየበሉ መክሳት፣ የልብ መምታት፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ቶሎ ቶሎ ሰገራ መቀመጥ፣ በትንሽ በትልቁ መቆጣት።

ምክንያቱ ብዙ ነው። ከዋናዎቹ አንዱ ኦቶኢሚዩን የሚባለው ነው። በሽታ የሚከላከለው የሰውነታችን ሥርዓት የገዛ አካሉን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ያጠቃል ማለት ነው። ዕጢዋን ቀስ በቀስ የሚያደክማት ሀሺሞቶ ይባላል፤ ስሙ በ1912 እ.ኤ.አ. ስለ ሕመሙ ከጻፈው ጃፓናዊ ሐኪም ከሀካሩ ሀሺሞቶ የመጣ ነው። ዕጢዋን ያለ ልክ የሚያሠራት ደግሞ ግሬቭስ ይባላል፤ አየርላንዳዊው ሮበርት ግሬቭስ በ1835 እ.ኤ.አ. የገለጸው ነው። ሁለቱም ከሰው ወደ ሰው አይተላለፉም። በቤተሰብ ግን ይሄዳሉ። ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ብዙ እጥፍ ያጠቃሉ።

ለምን ይዘገያል?

እኛ ጋ ትልቁ ችግር እያንዳንዱ ምልክት አስቀድሞ የተዘጋጀ ስም ያለው መሆኑ ነው። ድካም "ደም ማነስ" ነው። የሆድ ነገር ሁሉ "ጨጓራ" ነው። ልብ ከመታ "ነርቭ" ነው። ከወለደች በኋላ አልነሳ ያለች ሴት "አራስ አይደለች፣ ምን ታድርግ" ትባላለች። የከሳ ሰው ላይማ በሹክሹክታ የማይወራ የለም፤ ዓይን በልቶት ነው የሚልም አይጠፋም። ከዚያ "ታይፎይድና ታይፈስ" አለ። የተለመደው የታይፎይድ የደም ምርመራ ድሮ በነበረ ንክኪም ፖዘቲቭ ሊል ስለሚችል፣ ድካም ይዞ የሄደ ሰው የአንድ ሳምንት መድኃኒት ታቅፎ ይመለሳል። ከወር በኋላም እንደዚያው።

እነዚህ ስሞች ውሸት ናቸው እያልኩ አይደለም። ደም ማነስም ጨጓራም በየቤቱ አለ። የሚያጠራጥረው መድኃኒቱ በአግባቡ ተወስዶ ለውጥ ሲጠፋ ነው። በአንድ ሰው ላይ ሦስት አራት ስም ሲደራረብም እንደዚሁ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆኖባችሁ ጨጓራም፣ ደም ማነስም፣ ነርቭም አለባችሁ ከተባላችሁ፣ "ይህን ሁሉ የሚያመጣ አንድ ነገር ይኖር ይሆን?" ብሎ ሐኪምን መጠየቅ ነውር የለውም። ከወለደች ዓመት ያልሞላት ሴትም ልትጠይቅ ይገባል። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የታይሮይድ ሕመም አለ፤ መጀመሪያ ልብ ያስመታል፣ ከዚያ ያደክማል፣ ብዙ ጊዜም ራሱ ይድናል። አንዳንዷን ግን ዕድሜ ልክ መድኃኒት ላይ ያስቀራታል።

ጫትን ሳያነሱ ይህን ጉዳይ ለድሬና ለሐረር ሰው መጻፍ ዘበት ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ልብ ያስመታል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ሆድ ያደርቃል። አሁን ከላይ የዘረዘርኳቸውን ምልክቶች መልሳችሁ እዩአቸው። ከምሳ በኋላ በርጫ የሚቀመጥ ሰው ታይሮይዱ ቢፈጥን ምርቃና ይመስለዋል። ቢዘገይበት ሀራራ ይመስለዋል። ይባስ ብሎ ታይሮይዱ የደከመ ሰው ድካሙን በጫት እየደገፈ ዓመታት ሊገፋ ይችላል። ጠዋት ከአልጋ መነሳት ያቅተዋል፣ ከሰዓት ነቃ ይላል፣ ማታ አይተኛም። "የቃሚ ኑሮ ነው" ይባላል፣ በዚያው ይቀራል።

ስለዚህ ሐኪም ፊት ጫት እንደምትቅሙ፣ በቀን ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደቃማችሁ ተናገሩ። በተለይ ሴቶች ይደብቁታል። ሐኪሙ የሚጠይቀው ሊያሳፍራችሁ ሳይሆን የልብ ምታችሁን በትክክል ሊያነበው ነው። ጫት ሳትነኩ ቀናት አልፈው፣ አርፋችሁ ተቀምጣችሁም የልብ ምታችሁ በደቂቃ ከ100 በላይ ከሆነ በጫት ማመካኘት አይቻልም።

ምርመራው

ምርመራው ራሱ ቀላል ነው። ከክንድ ጥቂት ደም ይወሰዳል፤ መጀመሪያ የሚታየው ቲኤስኤች የሚባለው ነው። ቲኤስኤች ከታይሮይድ አይወጣም። ከአንጎል ሥር ያለች ፒቱታሪ የምትባል ዕጢ ናት የምትልከው፤ ሥራውም ታይሮይድን "አምርቺ!" ማለት ነው። ሰውን ግራ የሚያጋባው እዚህ ጋ ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ካለ ታይሮይድ ደክማለች ማለት ነው። ድሬ መናኸሪያ ቆማችሁ "ሐረር! ሐረር! ሐረር!" የሚለውን ወያላ አስቡት። ሚኒባሱ ባዶ ሲሆን ጉሮሮው እስኪነቃ ይጮኻል። ሲሞላ ዝም ይላል። ከመጠን በላይ ከሞላማ ጭራሽ ድምፁ አይሰማም። ቲኤስኤች ያ ጩኸት ነው። ከፍተኛ ቁጥር ሆርሞን እንዳነሰ፣ በጣም ዝቅተኛ ቁጥር ሆርሞን እንደበዛ ይናገራል።

ለአዋቂ ሰው የተለመደው የቲኤስኤች መጠን ከ0.4 እስከ 4 አካባቢ ነው። ከላቦራቶሪ ላቦራቶሪ ይለያያልና ውጤታችሁ ጎን የተጻፈውን መጠን ተመልከቱ። ቲኤስኤች ከተዛባ ፍሪ ቲ4 የሚባለው የታይሮይድ ሆርሞን ራሱ ይታያል። እሱ ደህና ሆኖ ቲኤስኤች ብቻ ትንሽ ከፍ ካለ ብዙ ጊዜ ወዲያው መድኃኒት አይጀመርም፤ ከሁለትና ሦስት ወር በኋላ ይደገማል። አንቲ ቲፒኦ የሚባለው ምርመራ ደግሞ ምክንያቱ ኦቶኢሚዩን መሆኑን ያሳያል። እሱን አንዴ ማወቅ ይበቃል። የአንቲ ቲፒኦ ቁጥር ወረደ ወጣ እያሉ በየጊዜው ብር የሚያወጡ ሰዎች አሉ፤ እኔ ብሆን ያን ብር ለመድኃኒቱ አስቀምጠዋለሁ። የመድኃኒቱ መጠን የሚስተካከለው በቲኤስኤች ነው።

ፀጉሯ የሚነቃቀልባት ሴት ደግሞ ይህን ልብ ትበል። ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚሸጠው ባዮቲን የሆርሞን ምርመራን ያሳስታል። ከምርመራው በፊት ቢያንስ ሁለት ቀን ማቆም ያስፈልጋል።

የት እንሂድ ለሚለው፣ ድሬ ላይ ድል ጮራና ሳቢያን፣ ሐረር ላይ ሕይወት ፋናና ጁገል ሆስፒታሎች አሉ። የትም ብትሄዱ ግን የሆርሞን ምርመራው በዚያ ቀን መኖሩን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ "ሪኤጀንት (የምርመራው ኬሚካል) አልቋል" መባል የትም ያጋጥማል። ከተቻለ ሁልጊዜ አንድ ላቦራቶሪ ተጠቀሙ። ወረቀቶቹን በቀን ደርድራችሁ አስቀምጡ፣ በስልክም ፎቶ አንሷቸው። የሆርሞን ስፔሻሊስት በብዛት የሚገኘው አዲስ አበባ ነው። ነገር ግን አብዛኛውን የታይሮይድ ታካሚ የውስጥ ደዌ ሐኪም እዚሁ ሊከታተለው ይችላል። አዲስ አበባ ድረስ መሄድ የሚያስፈልገው ዓይን ሲያብጥና ሲወጣ፣ ነገሩ ከእርግዝና ጋር ሲወሳሰብ፣ ወይም መድኃኒት አልመልስ ሲል ነው።

እንቅርት ሁሉ የጨው ጉዳይ አይደለም

አንገት ያበጠ እንደሆነ ሰው ሁሉ ስለ አዮዲን ያወራል። ልክ ነው፤ በደጋማው የአገራችን ክፍል ዝናብ አዮዲኑን ከአፈሩ አጥቦ ስለወሰደው እንቅርት የቆየ ችግር ነው። ከአፍዴራም ሆነ ከሌላ ቦታ የሚመጣ የገበታ ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት በ2003 ዓ.ም. ደንብ ወጥቷል። አዮዲን ያለበትን ጨው ግዙ፣ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡ፣ ወጡ ሊወርድ ሲል ጨምሩት።

ሀሺሞቶም ግሬቭስም ግን አንገት ያሳብጣሉ፤ እነሱን ጨው አያድናቸውም። ጭራሽ የአዮዲን ጠብታና "የባሕር ሣር" እንክብል ገዝቶ መውሰድ ኦቶኢሚዩኑን ሊያባብሰው ይችላል። ከጨው በላይ አዮዲን በራሳችሁ አትጨምሩ። ዕጢዋ ላይ የሚወጣ እባጭ አብዛኛው ካንሰር አይደለም፤ ቢሆንም በአልትራሳውንድ መታየት አለበት።

ክኒኑና የእኛ ኑሮ

ታይሮይድ ለደከመበት ሰው የሚታዘዘው ሌቮታይሮክሲን ነው፤ ብዙው ሰው ታይሮክሲን ይለዋል። ሰውነት ራሱ የሚሠራውን ሆርሞን የሚተካ ነው። ዕድሜ ልክ ነው ሲባል ብዙ ሰው ይደነግጣል። እኔ ግን ከብዙ የዕድሜ ልክ መድኃኒቶች ይህን እመርጣለሁ። መጠኑ ልክ ከሆነ የጎንዮሽ ጉዳቱ ከምንም አይቆጠርም። የሚጎዳው ሲበዛ ወይም ሲያንስ ነው። ሽማግሌና የልብ ሕመም ያለበት ሰው በትንሹ፣ አንዳንዴ ከ12.5 ማይክሮግራም ይጀምራል። መጠን ከተቀየረ በኋላ ቲኤስኤች የሚደገመው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ነው። ከዚያ በፊት ቢደገም ገና አልተረጋጋምና ያሳስታል።

ችግሩ አወሳሰዱ ነው። በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ፣ ከቁርስ በፊት ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት። በውሃ ብቻ ሲባል በውሃ ብቻ ነው። በቡና አይደለም፣ በሻይ አይደለም፣ ወተት በገባበት ሆጃም አይደለም፣ በግመል ወተትም አይደለም። ቡና መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይቀንሰዋል። ጀበናው ቀድሞ በሚጣድበት ቤት ይህ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ክኒኑን አልጋ አጠገብ አስቀምጦ፣ እንደነቁ ውጦ፣ ከዚያ ከሰል ማቀጣጠል ነው። ቡናው እስኪፈላ ሰዓቱ ይደርሳል።

የደም ማነስ አይረን፣ ካልሲየምና የሚታኘክ የጨጓራ ክኒን ከታይሮክሲን በ4 ሰዓት መራቅ አለባቸው። ነፍሰ ጡር ሴት ጤና ጣቢያ አይረን ስለሚሰጣት በተለይ ትጠንቀቅ። ኦሜፕራዞል የሚባለውን የጨጓራ መድኃኒት በየቀኑ የሚወስድ ሰውም ለሐኪሙ ይንገር፤ የታይሮክሲኑ መጠን መጨመር ሊያስፈልገው ይችላል።

በረመዳን ምን ይደረግ? መልሱ ቀላል ነው። ይህ ክኒን ማታም ይወሰዳል። ዋናው የሆድ ባዶነት ነው። ከመጨረሻው ምግብ 3 ሰዓት ገደማ ቆይቶ በመኝታ ሰዓት መዋጥ ይቻላል። ማታ መብላት የማያቋርጥበት ቤት ከሆነ ደግሞ ለሱሁር ቀደም ብሎ ነቅቶ፣ ክኒኑን በውሃ ውጦ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ መብላት ነው። ውሃም ሳይቀምስ እስከ 9 ሰዓት ለሚጾም ክርስቲያንም የመኝታው ሰዓት ይሠራል። ወሩ ሳይገባ ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ አንዱን መምረጥና በዚያው መጽናት ነው። በየቀኑ መቀያየር ቁጥሩን ያዘበራርቀዋል።

አሁን ወደ ሙቀቱ። ይህ መድኃኒት ሙቀት፣ ብርሃንና እርጥበት ያበላሹታል። ብዙ ጊዜ ካርቶኑ ላይ "ከ25 ዲግሪ በታች ይቀመጥ" ይላል። የድሬ ሰው ይህን ሲያነብ ይስቃል፤ በግንቦትና በሰኔ 35 ዲግሪ በምትደርስ ከተማ የትኛው ቤት ነው 25 የሚሆነው? ቢሆንም ልዩነት አለው። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ካለ መደርደሪያ፣ ከመስኮት፣ ከወጥ ቤት፣ ከመኪናና ከባጃጅ ኪስ አርቁት። ከቤቱ ቀዝቀዝ ያለውን ክፍል ምረጡ፣ ከማሸጊያው አታውጡት። የዓመት መድኃኒት በአንዴ ገዝቶ ከማከማቸት የሁለት ሦስት ወር ይሻላል። ግን ጨርሶ እስኪያልቅ አትጠብቁ፤ ከፋርማሲ የሚጠፋበት ጊዜ አለና ሁለት ሳምንት ሲቀረው ፈልጉት። ውጭ ያለ ዘመድ ሌላ ብራንድ ከላከላችሁ ችግር የለውም፣ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ቲኤስኤች አስደግሙ። መጠኑ አንድ መሆኑን አይታችሁ ዋጡ፤ ባለ 50 እና ባለ 100 ማይክሮግራሙ በመልክ ሊመሳሰሉ ይችላሉ።

አንድ ቀን ቢረሳ ዓለም አይገለበጥም። በዚያው ቀን ባስታወሳችሁ ሰዓት ውሰዱት፤ ሰውነት ውስጥ ቀናት የሚቆይ መድኃኒት ነው። አደጋው ይህ መቆየቱ ነው። ያቆመ ሰው ለሳምንት ሁለት ሳምንት ምንም አይለውም፣ "ድኛለሁ" ይላል። ብዙዎች የሚወድቁት እዚህ ነው። ስልክ ላይ "ታይሮይድን ነቅሎ የሚያጠፋ" እየተባለ የሚሸጠውን ዱቄት የሚገዙትም ያኔ ነው። ጥቁር አዝሙድም ሽፈራውም በምግብነታቸው ይበሉ፤ ክኒኑን አይተኩም። ጥቅል ጎመን አትብሉ የሚባለውም ተጋኗል፤ የበሰለ ጎመን ችግር የለውም።

ታይሮክሲን የምትወስድ ሴት ካረገዘች ባወቀችበት ቀን ለሐኪሟ ትንገር። መጠኑ አብዛኛውን ጊዜ ከሩብ እስከ ሲሶ ያህል ይጨመርላታል፤ የፅንሱ አንጎል በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚጠቀመው የእናቱን ሆርሞን ነው። "እርጉዝ ነኝ፣ መድኃኒት ይቅርብኝ" ማለት እዚህ ላይ ተገላቢጦሽ ነው።

ሲፈጥን

ግሬቭስ ሲሆን ሌላ መንገድ ነው። ሆርሞኑን የሚቀንሰው ፒቲዩ ወይም ሜቲማዞል ይታዘዛል፣ የልቡን ምት ለማብረድ ፕሮፕራኖሎል ይጨመራል፤ አስም ያለበት ሰው ፕሮፕራኖሎል ከመጀመሩ በፊት ይናገር። ሕክምናው ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 18 ወር ነው። ካቆሙ በኋላ የሚመለስበት ሰው ብዙ ነው፤ ያኔ ስለ ቀዶ ሕክምና ይወራል። በዚህ ጊዜ ጫት መቃም በሚሮጥ ልብ ላይ ሌላ አሯሯጭ መጨመር ነው፤ እዚህ ላይ መለሳለስ አልፈልግም። ሲጋራ ደግሞ ግሬቭስ የሚያመጣውን የዓይን ማበጥና መውጣት ያባብሳል።

ከፒቲዩና ከሜቲማዞል ጋር አንድ ነገር የግድ ይታወቅ። ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ከመጣ ክኒኑን አቁማችሁ በዚያው ቀን ነጭ የደም ሴል አስቆጥሩ። መድኃኒቶቹ አልፎ አልፎ እነዚህን ሴሎች በአደገኛ ሁኔታ ያወርዳሉ። "ቶንሲል ነው" ብሎ አሞክሲሲሊን ገዝቶ መተኛት የሚያስከፍለው ዋጋ ትልቅ ነው። ዓይን ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንት ከጠቆረም ክኒኑን አቁማችሁ በዚያው ቀን ተመርመሩ፤ ጉበት ተነክቶ ሊሆን ይችላል።

ታይሮይድ ብቻውን ላይሆን ይችላል

አንድ ኦቶኢሚዩን ሕመም ያለበት ሰው ሌላው የሚጨመርበት ዕድል ከሌላው ሰው ይበልጣል። ለምጽ፣ ዓይነት አንድ ስኳር፣ የቢ12 እጥረት የሚያመጣ የጨጓራ ሕመም፣ የመገጣጠሚያ ሩማቶይድ ከእነዚህ ናቸው።

መገጣጠሚያን በተመለከተ ድሬ የራሷ ታሪክ አላት። በ2019 እ.ኤ.አ. ቺኩንጉንያ የሚባለው በትንኝ የሚተላለፍ በሽታ ከተማዋን ሲመታ ብዙ ሰው ትኩሳቱ ከለቀቀው በኋላ ለወራት ሲያነክስ ከርሟል። ስለዚህ ዛሬም እጁ የሚያመው ሁሉ "ያ ነገር ትቶብኝ የሄደው ነው" ይላል። ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የሁለት እጅ ጣቶች ላይ የሚታይ እብጠት፣ ጠዋት ከተነሱ በኋላ ከግማሽ ሰዓት በላይ የማይፈታ ግትርነት፣ ከስድስት ሳምንት በላይ የቆየ እንደሆነ ለሩማቶይድ መመርመር ይገባል። ቶሎ ከታከመ መገጣጠሚያው ሳይጣመም ይተርፋል። ሁሉን "ሪህ" ብሎ በሕመም ማስታገሻ ዓመታት መግፋት ኩላሊትንም ጨጓራንም ይጎዳል። በፀሐይ የሚብስ የጉንጭና የአፍንጫ ሽፍታ ከመገጣጠሚያ ሕመም ጋር ከመጣ ደግሞ ሉፐስ የሚባለው ሌላ ኦቶኢሚዩን ሕመም ይታሰባል። ለዚህ የሚደረገው ኤኤንኤ ምርመራ በጤነኛ ሰውም ፖዘቲቭ ሊሆን ስለሚችል ወረቀቱን ብቻ አይቶ መደናገጥ አያስፈልግም።

ቲኤስኤች ተስተካክሎ ድካሙ ያልለቀቃችሁም ትኖራላችሁ። "ውጤትሽ ደህና ነው፣ ሂጂ" ሲባል ያናድዳል። ያኔ የታይሮክሲን መጠን በራስ ላይ መጨመር መፍትሔ አይደለም፤ ልብን ያዛባል፣ አጥንትን ያሳሳል። በቅደም ተከተል የሚታዩ ነገሮች አሉ። መጀመሪያ የደም መጠንና አይረን፣ በተለይ የወር አበባዋ ለበዛባት። ቀጥሎ ቢ12። ከዚያ እንቅልፍ፤ ሌሊት 8 ሰዓት የሚተኛ ቃሚ ጠዋት ቢደክመው ታይሮይዱ አይደለም። ድብርትም እንደ ሌላው ሕመም ተጠይቆ የሚታከም ነው። ሐኪሙ ካላነሳቸው እናንተ አንሱለት።